ጎርፉ ሳይመጣ የቀረው በማን ሥራ ነው?

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት። ድሬዳዋ ተኝታለች። ደጫቱን የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው፣ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ዕቃውን ይዘረጋበታል። ከዚራና መጋላ የተባሉትን የከተማዋን ሰፈሮች የሚለያየው ይህ አሸዋ ውሃ የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። ያን ሌሊት ግን ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ደጋዎች የጣለው ዶፍ ተጠራቅሞ በአሸዋው ላይ ወረደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። ብዙዎቹን ጎርፉ ያገኛቸው በእንቅልፍ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በወንዙ ዳርና ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ቆሟል፣ ከወንዙ አፍ ላይ የነበሩ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል፣ በላይኛው ተፋሰስ እርከን ተሠርቷል። ይህን የሚያይ ሰው አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ጥያቄው የድሬዎች ብቻ ሳይሆን የየትኛውም ከተማና ወረዳ ነው። ሥራው ሠርቷል ወይ? በምንስ ይታወቃል?

መንገድ ሲሠራ መኪና ሲሄድበት ይታያል። ጤና ጣቢያ ሲከፈት የታከመው ሰው ይቆጠራል። የአደጋ ስጋት ቅነሳ ግን እንግዳ ሥራ ነው፤ በጣም በተሳካለት ቀን ውጤቱ «ምንም አልተፈጠረም» ነው። ምንም አለመፈጠሩ ደግሞ ሁለት አባት ሊኖረው ይችላል። ወይ ሥራው ሠርቷል፣ ወይ ዝናቡ አልመጣም። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ መንታ ናቸው።

እኔ ክትትልና ግምገማ በሚባለው ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከወረዳ ወረዳ ዞሬ የሰው ሪፖርት አንብቤያለሁ፣ የራሴንም ጽፌያለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምሰነዝረው ወቀሳ ቢኖር ድርሻዬን ቆርጬ አስቀርቼ ነው።

«10 ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልሞተም»

ስብሰባ ላይ በጣም የሚወደደው ማስረጃ ይህ ነው። ግንቡ ከተሠራ 10 ዓመት ሆኖታል፣ የሞተ ሰው የለም፣ ስለዚህ ሠርቷል። ጭብጨባ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። መሐንዲሶች ጎርፍን የሚጠሩት በብርቅነቱ ነው። «የ20 ዓመት ጎርፍ» ሲሉ በየ20 ዓመቱ ቀጠሮ አክብሮ የሚመጣ ማለታቸው አይደለም፤ በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከ20 አንድ፣ ማለትም 5 በመቶ የሆነ ጎርፍ ማለታቸው ነው። ዘንድሮ መጣ ማለት ለመጪዎቹ 19 ዓመታት እፎይ ተባለ ማለት አይደለም፤ ከርሞም ያው 5 በመቶ ነው። በአንድ ዓመት ያለመምጣት ዕድሉ 95 በመቶ ከሆነ፣ 10 ዓመት በተከታታይ ያለመምጣት ዕድሉ 0.95ን 10 ጊዜ በራሱ እያባዙ የሚገኘው ነው፤ 60 በመቶ ገደማ ይወጣል። እንግዲህ ግንብ የሚባል ነገር ባይኖር፣ አንድ ድንጋይ እንኳ ባይነሣ፣ እንዲህ ያለ ጎርፍ ከሚያሰጋቸው 10 ከተሞች ስድስቱ ያህሉ እነዚያን 10 ዓመታት በሰላም ያሳልፉ ነበር። ስድስቱም ከንቲባዎች መድረክ ላይ ወጥተው «ሥራችን ፍሬ አፈራ» ቢሉ የሚያስተባብላቸው አይገኝም።

የተገላቢጦሹም አለ። «የ100 ዓመት ጎርፍ» ሲባል የልጅ ልጅ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ በዚያ ሜዳ ላይ 30 ዓመት ቢኖር፣ ቢያንስ አንዴ ያ ጎርፍ የመምጣቱ ዕድል 26 በመቶ ነው። 30 ዓመት ልጅ ወልዶ ለመዳር የሚበቃ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ዝም ያለ ወንዝ ለማንም አይመሰክርም። ምስክር ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ማጉያ

ብዙ ሪፖርት ምስክር የሚፈልገው በቁጥር ነው። «ለ1 ሺህ 200 የኅብረተሰብ ክፍሎች ግንዛቤ ተሰጥቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ያላነበበ የወረዳ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። ግንዛቤ እንደ ስንዴ በኩንታል የሚታደል ነገር ሆኗል። የተቆጠረው ግን አዳራሽ ገብቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ፈርሞ የወጣው ሰው ነው፤ ጎርፍ በመጣ ሌሊት የት መሄድ እንዳለበት የሚያውቀው ሰው ብዛት አይደለም። ሁለቱን ለመለየት ከባድ ጥናት አያስፈልግም። ከስብሰባው ከ6 ወር በኋላ ከፈረሙት 30 ሰዎችን በዕጣ አውጥቶ ቤታቸው ሄዶ «ሌሊት ጎርፍ መጣ ቢባሉ ወዴት ነው የሚሄዱት? ማንን ነው የሚያነሡት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ይህን ያደረገ ወረዳ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

በሙያው ውስጥ ሦስት ነገሮችን መለየት ግድ ነው። የገባው አለ፣ እርሱም ብር፣ ሲሚንቶና የውሎ አበል ነው። የተሠራው አለ፣ ግንቡና ሥልጠናው። የተለወጠው ደግሞ አለ፣ ሰው ቀድሞ መሸሹ፣ ቤት ወንዝ ዳር አለመሠራቱ። ሪፖርታችን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እስከ ሳንቲም ይቆጥርና ሦስተኛው ጋ ሲደርስ «አበረታች ነው» ብሎ ያልፋል።

አንድ ወረዳ፣ ስሙ ይቆየኝ፣ በሪፖርቱ ላይ «ለ4 ቀበሌ የእጅ ድምፅ ማጉያ ግዢ 100 ፐርሰንት ተፈጽሟል» ይላል። እውነት ነው፣ ተገዝቷል፤ ደረሰኙን አይቻለሁ። «ማጉያውን ማየት ይቻላል?» አልኩ። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ወደ ንብረት ክፍል ወሰዱኝ። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ንብረት ክፍሏ ጋ ነው፤ እሷ ደግሞ ለቅሶ ሄዳለች። በማግስቱ ስትመጣ ማጉያው ከነካርቶኑ ተገኘ፤ ባትሪ ገብቶበት አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ አፈር እያሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ያንን ሪፖርት ዓምና አንብቤ «በጣም ጥሩ» ብዬ የፈረምኩበት እኔው ነበርኩና።

ሰንሰለቱን በእግር መከተል

ከዚያ ቀን በኋላ ሰነድ ከማንበብ ይልቅ ሰንሰለት መከተል ጀመርኩ። ነገሩ ቀላል ነው። ለጎርፍ ከተጋለጠች አንዲት ቤት በር ላይ ይቆሙና ወደ ኋላ ይጠይቃሉ። እዚህ ቤት የተኛችውን እናት ማን ይቀሰቅሳታል? ጎረቤት ወይም የቀበሌ ሰው። እርሱን ማን ያነሣዋል? ከወረዳ የሚደወል ስልክ። ወረዳው በምን ያውቃል? ደጋ ላይ ያለ ሰው ዝናቡን አይቶ ይደውላል። ያ ሰው ማን ነው? መለኪያ አለው? ስልኩ ካርድ ተሞልቶለታል? ዝናብ ሲጥል መብራት ይጠፋል፣ መብራት ሲጠፋ አንዳንዴ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል፤ ያኔስ?

እዚህ ላይ ሒሳቡ ጨካኝ ነው። ሰንሰለቱ አምስት ቀለበት አለው እንበል፣ እያንዳንዱም ከ10 ጊዜ 8 ጊዜ ይሠራል። በየመሥሪያ ቤቱ ብትጠይቁ ሁሉም «80 በመቶ ደርሰናል» ይላሉ፤ ጥሩ ውጤት ነው። አምስቱ አንድ ላይ የሚሠሩበት ዕድል ግን 0.8 አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 33 በመቶ ነው። ከሦስት ሌሊት በሁለቱ እናትዮዋ አትነቃም። እያንዳንዱን መሥሪያ ቤት ለየብቻ መመዘን የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ ሁሉም ፈተናውን አልፈው ሰንሰለቱ ሊወድቅ ይችላል።

ጊዜውም አብሮ ይለካል። ዝናቡ ደጋ ላይ ከጣለበት ሰዓት አንሥቶ ውሃው ቤቱ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ አለ? ማስጠንቀቂያው ቤቱ እስኪደርስስ ስንት ይፈጃል? አዛውንት፣ ሕፃን ያዘለችና ምርኩዝ የያዘ ሰው ከፍ ያለ ቦታ ለመድረስ ስንት ይፈልጋሉ? ሁለተኛውና ሦስተኛው ተደምረው ከመጀመሪያው ከበለጡ፣ ፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ምን ያህል ቢያምርም አላዳነም። ይህንን ጎርፍ ሳይመጣ፣ በደረቅ ቀን፣ በልምምድ መለካት ይቻላል። ማታ መሆን አለበት እንጂ። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ካሜራ ባለበት የሚደረግ ልምምድ የሚያሳየው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆን ነው።

የማይመጣ ጎርፍ ደጋግሞ ያስጠነቀቀ ሥርዓትም መዝገብ ያስፈልገዋል። «ጅብ መጣ» እያለ መንደር ያስቸገረውን እረኛ ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል። ስንት ጊዜ ተጠርቶ መጣ? ስንት ጊዜ ተጠርቶ ቀረ? ስንት ጊዜ ሳይጠራ መጣ? እነዚህ ሦስት ቁጥሮች የሌሉት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሊመዘን አይችልም።

ተፈጥሮ ራሷ ስትፈትን

አንዳንድ ቦታ ፈተናው በልምምድ ሳይሆን በእውነተኛው አደጋ ተደጋግሞ ይመጣል። ባንግላዴሽ ከሁሉ ግልጹ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 ቦላ የተባለው የባሕር አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300 ሺህ ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ፣ በ1972፣ መንግሥትና ቀይ መስቀል የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም አቋቋሙ። የየመንደሩ ሰው ባንዲራ እየሰቀለ፣ ማጉያ ይዞ በእግርና በብስክሌት እየዞረ ጎረቤቱን ያስነሣል። በ1991 እንደገና ኃይለኛ አውሎ ነፋስ መጣና 140 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። አንድ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ ቢመዝን «ፕሮግራሙ ከሽፏል» ሊል ይችል ነበር። በ2007 ሲድር የተባለው መጣ፤ ጉልበቱ ከቀደሙት የሚያንስ አልነበረም። የሞተው ሰው 3 ሺህ 400 ገደማ ነው።

በ1970ና በ2007 መካከል የአገሩ ሕዝብ በብዙ ጨምሯል፤ የሞቱት ቁጥር ግን ከመቶ ወደ አንድ ያህል ወረደ። ጠንቃቃ ገምጋሚ እዚህም ቶሎ አያጨበጭብም፤ የሲድር አንዱ ክንፍ ሰንደርባንስ የሚባለውን ሰፊ የባሕር ዳር ደን መታ፣ ደኑም ጉልበቱን ሰብሮታል። ሁሉንም ምስጋና ለማጉያው መስጠት ልክ አይሆንም። ያም ሆኖ ልዩነቱ ደን ብቻውን የሚያስረዳው አይደለም። ዝናብና ነፋስ ክስተት ናቸው፤ አደጋ የሚሆኑት የሚያገኙትን ሰው ሳይዘጋጅ ሲያገኙት ነው።

ከ1991ዱ ደግሞ ከጠቅላላ ቁጥሩ ይልቅ ያስተማረው ዝርዝሩ ነበር። ማን ሞተ ተብሎ ሲጠየቅ፣ በሥራ ዕድሜ ካሉት መካከል ሴቶች ከወንዶች በብዙ እጥፍ መሞታቸው ታወቀ። ልጆችና ቤት ትተው መውጣት አልቻሉም፤ መጠለያው ወንድና ሴት አንድ ላይ የሚታጨቁበት ስለነበር ለመግባት ያፈሩም ነበሩ። ማስጠንቀቂያው ደርሶ ነበር ቢባል እንኳ ለማን ደረሰ? በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚረሳው ተከራዩ ነው። የቀበሌው ዝርዝር የሚዘጋጀው በመታወቂያና በቤት ቁጥር ከሆነ፣ ከገጠር መጥቶ ወንዝ ዳር አንዲት ክፍል የተከራየው የቀን ሠራተኛ ስሙ የለም። ሱቅ በረንዳ ላይ የሚያድረውማ ከነጭራሹ የለም። ጎርፉ ግን መታወቂያ አይጠይቅም።

ማነጻጸር ሌላው መንገድ ነው። እኛም አገር የሚጠቀስ ሥራ አለ። ለምግብ እጥረት ለተጋለጡ ቤተሰቦች ገንዘብ ወይም እህል የሚከፍለው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ አንሥቶ፣ ማዕከላዊ ስታትስቲክስና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም እነዚያኑ ቤተሰቦች በየጊዜው እየተመለሱ ጠይቀዋል፤ ፕሮግራሙ የደረሳቸውን ደግሞ ካልደረሳቸውና ኑሯቸው ከሚመሳሰለው ጋር አነጻጽረዋል። የተገኘው ሁሉ ጮቤ የሚያስረግጥ አይደለም። ክፍያው በሰዓቱና ሳይቆራረጥ በደረሰበት ቦታ ቤተሰቡ ምግብ የሚያጥርበት ወር ቀንሷል፤ በሕፃናት አመጋገብ ላይ ግን ብዙም ለውጥ አልታየም። እንዲህ ያለ ውጤት ለባለሥልጣን አይጥምም፤ ለፕሮግራሙ ግን ከአሥር ጭብጨባ ይሻለዋል፤ ምኑ እንደሚጠገን ያሳያልና። ይህን ማድረግ የተቻለው ከመነሻው ስለተለካ ነው። ግንቡ ከቆመ በኋላ «በፊት እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ሠርግ ካለፈ በኋላ ሙሽራ መፈለግ ነው።

ግንቡ የሚጠራው ሰው

አንድ የማይወደድ እውነት ላንሣ። መከላከያ ራሱ አደጋን ሊያሳድግ ይችላል። ግንብ ሲቆም ከጀርባው ያለው መሬት «ደህና» ይሆናል። ደህና መሬት ደግሞ ይፈለጋል። መጀመሪያ አንድ ሸራ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ የብሎኬት ቤት። 20 ዓመት ሲሞላ ከግንቡ ጀርባ ያለው ሕዝብ ድሮ ከነበረው ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ግንቡ ትንንሹን ጎርፍ ሁሉ ይመልሳል፤ ሰዉም ወንዙን ይረሳል። ከዚያ ግንቡ የማይችለው ትልቁ የመጣ ዕለት የሚያገኘው የረሳና የበዛ ሕዝብ ነው። ይህ የግንበኞች ስህተት ሳይሆን በዓለም ዙሪያ የታየ ነገር ነው። ስለዚህ ግንብ ሲመዘን «ስንት ሜትር ተሠራ?» ከሚለው ጎን «ከጀርባው ስንት አዲስ ቤት ተሠራ? ፈቃዱን ማን ሰጠ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ይህ ጥያቄ ደግሞ ወደ ሌላ በር ይወስደናል። አደጋን የሚፈጥረው መሥሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ አደጋን የሚከላከለው አይደለም። ቆሼን እናስታውስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ አዲስ አበባ ረጲ አካባቢ ከ50 ዓመት በላይ የተቆለለው የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ የከተማዋ ቆሻሻ ሰንዳፋ ወደተሠራው አዲስ ማስወገጃ መሄድ ጀምሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፣ ማስወገጃው በወራት ውስጥ ቆመ፣ መኪናዎቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ውሳኔው የጽዳት፣ የመሬትና የፖለቲካ ውሳኔ ነበር። «የአደጋ ስጋት» የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ላይ ብቻ የሚፈልግ ገምጋሚ አያገኘውም። እኔ ብጠየቅ የአንድን ከተማ የአደጋ መከላከል ሥራ ስመዝን መጀመሪያ የማንኳኳው የመሬት አስተዳደሩን በር ነው።

ለማዳን የሄዱት

ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ማታ በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተናደና ቤቶችን ቀበረ። ሰኞ ጠዋት ጎረቤቱም፣ መምህሩም፣ የጤና ባለሙያውም፣ የአካባቢው አስተዳዳሪም አካፋና እጁን ይዞ ወገኑን ሊያወጣ ወረደ። ያኔ ተራራው ደገመ። ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ለማዳን የሄዱት ናቸው።

ስለዚህ ነገር መጻፍ ይከብዳል፤ ያን ጠዋት እዚያ ብሆን እኔም አካፋ አነሣ ነበር። ወገን ተቀብሮ ቆሞ የሚያይ የለም። ግምገማ ግን ይህን ጥያቄ ካልጠየቀ ለምንም አይጠቅምም፦ የተናደ ተራራ እንደገና ሊናድ እንደሚችል በቀበሌ ደረጃ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ? ከላይ ሆኖ ስንጥቁን የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመደባል ወይ? «ሁላችሁም ውጡ» ቢል የሚሰማው አለ ወይ? እነዚህ ቡልዶዘር የማይጠይቁ፣ ሥልጠናና ሥልጣን ብቻ የሚፈልጉ ነገሮች ናቸው። በአደጋ ጊዜ ጀግንነትን እናወድሳለን፤ ጀግና የሚያስፈልገው ግን ብዙ ጊዜ ሥርዓት በጎደለበት ነው።

ስለ ከተማ እሳትም ባጭሩ ልበል። አዲስ አበባ ላይ 939 ይደወላል። «ፈጥነን ደረስን» የሚለው ቃል የሚመዘነው ሰዓቱ ከየት እንደሚቆጠር በመጠየቅ ነው። መኪናው ከጣቢያ ከወጣበት? ስልኩ ከተነሣበት? ወይስ ሰውዬው መጀመሪያ ከደወለበት? ለሚቃጠልበት ሰው ሰዓቱ የሚጀምረው ጭሱን ካየበት ነው። የሚያልቀውም ውሃው እሳቱን ሲነካ እንጂ መኪናው አስፋልቱ ላይ ሲቆም አይደለም። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ያየ ሰው በአስፋልቱና በሱቁ መካከል ያለችው መተላለፊያ ምን ማለት እንደሆነች አይነገረውም።

የበጀት ዓመቱና ክረምቱ

ይህን ከሁሉ በላይ ማንሣት እወዳለሁ፤ ማንም የሚያየው፣ ማንም የማይነካው ስለሆነ። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ክረምቱ ያኔ ገብቷል። ዲች የሚጠረገው፣ ደለል የሚወጣው፣ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረው የድንጋይ መከላከያ) የሚጠገነው ከዚያ በፊት፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። በእነዚያ ወራት ደግሞ የአሮጌው ዓመት በጀት ወይ አልቋል፣ ወይ እንዳይመለስ በጥድፊያ እየተጠቀለለ ነው። አዲሱ ብር ተፈቅዶ፣ ወርዶ፣ ግዢው ተፈጽሞ እስኪደርስ መስቀል ይሆናል። ስለዚህ «ለጎርፍ መከላከል ከተመደበው በጀት ስንት በመቶ ሥራ ላይ ዋለ?» የሚለው ጥያቄ ያታልላል። 98 በመቶ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው «ከግንቦት 30 በፊት ስንት ዋለ?» ነው። በኅዳር የተጠረገ ዲች ላለፈው ጎርፍ የተጻፈ ደብዳቤ ነው።

ጥገናም እንዲሁ። ሪባን የሚቆረጠው ለአዲስ ግንብ ነው፤ ለተጠገነ ግንብ ሪባን ሲቆረጥ አይቼ አላውቅም። ለጥገና የተያዘ የበጀት መደብ የሌለው መከላከያ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየሞተ ነው፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ዕድሜ ልኩን «ተጠናቋል» ይባላል።

ማን ይመዝን?

አገራችን በ2005 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ዋና ሐሳቡ አደጋ ከደረሰ በኋላ ዕርዳታ ከማከፋፈል ወጥቶ ስጋቱን አስቀድሞ መቀነስ፣ ኃላፊነቱንም እስከ ወረዳ ማውረድ ነው። ለዚህም የወረዳ የአደጋ ስጋት ፕሮፋይል የሚባል፣ ቤተሰብን ጭምር እየጠየቀ የሚዘጋጅ ሰነድ አለ። በዓለም ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ጃፓን ሰንዳይ ላይ የጸደቀው ማዕቀፍ እስከ 2030 የሚቆዩ ሰባት ግቦች አሉት። አራቱ የሚለኩት ሰው በሚሰማው ነገር ነው፤ በሞት፣ በተጎጂ ብዛት፣ በወደመ ሀብት፣ በተቋረጠ መሠረታዊ አገልግሎት። ከቀሩት አንዱ ግን የሚቆጥረው በአገርና በአካባቢ ደረጃ የአደጋ ቅነሳ ስትራቴጂ መኖሩን ነው። ስትራቴጂ መኖሩ መልካም ነው፤ ሆኖም ሰነድ እንደ ግብ የተቆጠረበት ቦታ ሁሉ ሰነድ በቶሎ ይበዛል። ለከተሞች የተዘጋጀ፣ በአሥር ዋና ጉዳዮች ላይ ነጥብ የሚሰጥ መመዘኛም አለ፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ነጥቡን የሚሞላው ራሱ ተመዛኙ መሆኑ ነው። ተፈታኙ ራሱን ሲያርም ውጤቱ ሁልጊዜ ይጥማል።

መፍትሔው የግድ ከውጭ በዶላር የሚመጣ አማካሪ አይደለም። ጎረቤት ወረዳዎች ቢገማገሙ፣ የምክር ቤት አባላት በክረምት መግቢያ ወንዙን በእግራቸው ቢሄዱበት፣ የዕድር ዳኞች ቢጠየቁ ብዙ ይገኛል። ዕድር የየቤቱን ሰው በስም ያውቃል፤ ጡሩንባውም ካርቶን ውስጥ አይቀመጥም። ከትንሽም ከትልቅም ክስተት በኋላ፣ ነገሩ ከአእምሮ ሳይጠፋ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሰብስቦ «ምን ሊሆን ነበር? ምን ሆነ? ለምን ተለያየ?» ብሎ መጻፍም ዋጋው አንድ ደብተር ነው። በተለይ ለጥቂት የተረፈባቸውን ቀኖች። ውሃው በር ላይ ደርሶ የተመለሰበት ሌሊት የነጻ ፈተና ነው፤ እኛ ግን የሞተ ሰው ከሌለ አንመዘግበውም።

መጨረሻ ላይ የሠራሁት የቤት ለቤት መጠይቅ አንዲት ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነበር። ሽንኩርትና ድንች የሚሸጡ አንዲት እናት ጃንጥላቸው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ጥያቄውን አነበብኩላቸው።

«እማማ፣ ጎርፍ ሊመጣ ሲል ማን ይነግርዎታል?»

«ድምፁ ነዋ፣ ልጄ። ከላይ ሲመጣ ያጓራል።»

«ሌሊት ተኝተው ቢሆንስ?»

«ውሻው ቀድሞ ይሰማል። እሱ ሲያላዝን እነሣለሁ።»

ቅጹ ላይ «የማስጠንቀቂያ ምንጭ» በሚለው ሥር ራዲዮ፣ ስልክ፣ ቀበሌ፣ ሌላ የሚሉ ምርጫዎች አሉ። «ሌላ» ላይ ምልክት አድርጌ «ውሻ» ብዬ ጻፍኩ። ከሳምንት በኋላ ዳታውን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ልጅ ደወለልኝ። ቅጽ ቁጥር 47 ላይ የጽሑፍ ስህተት ያለ መስሎት ነበር።